የኪታቡ ዐረብኛና የገበያው ዐረብኛ፦ በካይሮ የተማርነው



በአገራችን ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በልጅነቱ ቁርኣን ቤት ገብቶ ሐርፍ የቆጠረ፣ ከፍ ሲልም ስንቁን ተሸክሞ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየዞረ ኪታብ የቀራ ደረሳ ነው። የነሕውን ሕግ ከነማብራሪያው በቃሉ ይዞታል፤ የአንድ ቃል መጨረሻ ለምን ደማ፣ ለምን ፈትሓ እንደሆነ ቢጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል። ይሁን እንጂ ዐረብ አገር ገብቶ ባለታክሲው «ወዴት ነህ?» ቢለው ላይገባው ይችላል። ሁለተኛዋ ደግሞ በጅዳ፣ በቤይሩት፣ በኩዌት ወይም በዱባይ የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች እህታችን ናት። እሷ ዐረብኛውን ታንበለብለዋለች፤ ትቆጣበታለች፣ ትቀልድበታለች፣ ልጅ ታባብልበታለች። ነገር ግን ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንድ መስመር አንብቢ ቢሏት አትችልም።

ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። አባት ይቀራል፤ ልጅ ትናገራለች። እሱ የእሷን «የተበላሸ ዐረብኛ» ይለዋል፤ እሷ የእሱን «ማንም የማይናገረው» ትለዋለች። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ሁለቱም እውቀት መሆናቸውን፣ አንዱ ያለ ሌላው ግን ጎዶሎ መሆኑን ነው። ይህንን ያየነው ካይሮ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጀማሪዎች ክፍል ገብተን ሁለቱን ጎን ለጎን በተማርንበት አንድ ዓመት ነው።

ባለ ሁለት ድምፅ ከተማ

ካይሮ ከነአካባቢዋ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ስሟ ራሱ ሁለት ነው። በመጽሐፍና በዜና «አል-ቃሂራ» ትባላለች፤ ነዋሪዎቿ ግን አገሪቱንም ከተማዋንም በአንድ ስም «መስር» ይሏቸዋል። ማለዳ በሱብሒ ሶላት ኢማሙ የሚቀራው ዐረብኛ ወሎ ወይም ጅማ ላይ ከሚሰማው በአንድ ሐርፍ አይለይም። ከመስጊዱ ደጃፍ ሲወጡ ግን ባለ ጋሪው ፉል ሻጭ የሚጣራበት ቋንቋ ሌላ ነው። ከመስጊዱ በር እስከ ጋሪው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለተማሪ ግን የአንድ ዓመት መንገድ ነው።

የማንኛውም ኢትዮጵያዊ ተማሪ እግር አስቀድሞ የሚያመራው ወደ አል-አዝሀር ነው። መስጊዱ እ.ኤ.አ. በ972 ለሶላት ተከፈተ። በጥንቱ ሥርዓት ከየአገሩ የሚመጡ ደረሶች «ሪዋቅ» በሚባሉ የየራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ክፍሎች ይሰበሰቡ ነበር። የእኛ ምድር ልጆችም «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ነበራቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ ሪዋቅ ኃላፊዎች ቤተሰብ የተወለዱት ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። የቀድሞ አያታቸው በዘይላ አቅራቢያ ከነበረው የጀበርት ምድር ወደ ካይሮ የመጡ ነበሩ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1753 ካይሮ ተወልደው በ1825 እስኪያርፉ ድረስ የጻፉት ታሪክ እስከ ዛሬ የግብጽ ታሪክ አጥኚዎች ዋና ምንጭ ነው።

ስለ አል-ጀበርቲ እዚህ ያነሳንበት ምክንያት አለን። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብጽን ሲወር ሕዝቡን ለማባበል በዐረብኛ የታተመ አዋጅ አስበተነ። አል-ጀበርቲም አዋጁን በጽሑፋቸው ካሰፈሩ በኋላ ሰዋስዉን ቃል በቃል እየተከተሉ ስህተቱን አወጡበት። ይህ ቃል እንዲህ መባል ነበረበት፣ ይህ አረፍተ ነገር ትርጉሙን ያፋልሳል እያሉ የወራሪውን ውሸት ከነሕው ስህተቱ ጋር አጋለጡት። የሚያስደንቀው ግን እኚሁ ሊቅ ራሳቸው ታሪክ ሲጽፉ የካይሮን ሰው የዕለት ንግግር ከኪታብ ዐረብኛ ጋር ይቀላቅሉ ነበር። ሁለቱንም ስለሚያውቁ የትኛው የት እንደሚገባ አልጠፋቸውም።

ከአል-አዝሀር ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ኪታብ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ወደ ዐተባ ሲሄዱ ደግሞ «ሱር አል-አዝበኪያ» የሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ይገኛል። ለተማሪ ኪስ የሚስማማው ይህኛው ነው። እዚያ መጽሐፉ የተጻፈው በኪታቡ ዐረብኛ ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠው ግን በገበያው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ወይ መጽሐፉን አይመርጥም፣ ወይ በዋጋው ይጎዳል።

የፈተናው ውጤት

አምስት ነበርን። ሁለቱ ወሎ ውስጥ ኪታብ ቀርተው የመጡ ወንድሞች ናቸው። አንዱ ከሐረር የመጣ ወጣት ነው። የቀሩት ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ባል ከቁርኣን ንባብ በስተቀር ዐረብኛ አያውቅም፣ ሚስት ግን ከትዳሯ በፊት ቤይሩት አራት ዓመት ሠርታለች።

የምደባ ፈተናው ጠዋት የጽሑፍ፣ ከሰዓት በኋላ የቃል ነበር። ከወሎ የመጣው ትልቁ ወንድማችን ለጽሑፉ ፈተና ሙሉ ማርክ አገኘ ማለት ይቻላል፤ የተሰጠውን አንቀጽ ኢዕራብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘረዘረ። ከሰዓት ፈታኟ ኡስታዛ «ዐመልት ኤህ ኢምባሪሕ?» ስትለው ግን ዝም አለ። «ትናንት ምን ሠራህ?» ማለቷ ነበር። እህታችን በበኩሏ ከጽሑፉ ወረቀት ላይ ከስሟ በቀር የጻፈችው አልነበረም። ከሰዓት ግን ከፈታኟ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ስትጫወት፣ ፈታኟም በቤይሩት አነጋገሯ ስትስቅ በር ላይ ቆመን ሰማን።

ሁለቱም በጀማሪዎች ክፍል ተመደቡ። ወንድማችን «አሥራ ሁለት ዓመት ቀርቼ እንደገና አሊፍ፣ ባ?» ብሎ ቅሬታውን ሲያቀርብ ኡስታዛዋ እንዲህ አለችው፦ «አንተ ዓይንህ አድጓል፣ ጆሮህና ምላስህ ገና ናቸው። እሷ ጆሮዋ አድጓል፣ ዓይኗ ገና ነው። በአንድ ቡድን ሥሩ።» በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ፉስሓ፣ ማለትም የኪታቡና የጽሑፉ ዐረብኛ፣ ስምንት ሰዓት ደግሞ ዓሚያ፣ ማለትም የካይሮ ሰው የዕለት ንግግር፣ ተደልድሎ ትምህርቱ ተጀመረ።

ፊደላችን ያስቀመጠልን

ዐረብኛ ሃያ ስምንት ፊደላት አሉት። አማርኛ ተናጋሪውን አብዝተው የሚያስቸግሩት ከጉሮሮ የሚወጡት ናቸው። የሚገርመው ግን መፍትሔው በገዛ ፊደላችን ውስጥ መኖሩ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ብለን ሦስት ፊደል እንጽፋለን፤ ስናነባቸው ግን አንድ ናቸው። አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠም እንዲሁ። በትምህርት ቤት «የትኛው ሀ ነው?» እየተባልን የተገሠጽን ሁሉ የልዩነቱ ምክንያት አይነገረንም ነበር። ምክንያቱ ዐረብኛ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እዚያ ሦስቱ እስከ ዛሬ ሦስት ድምፅ ናቸው።

ለምሳሌ አምስት በግዕዝ «ኀምስቱ» ነው፤ በዐረብኛ «ኸምሳ» ይባላል። «አማት» የምንላት በግዕዝ «ሐማት» ናት፤ በዐረብኛም «ሐማት» ናት፤ ካይሮ ላይ «አማቴ» ለማለት «ሐማቲ» ይላሉ። «ዐሥር» ደግሞ «ዐሸራ» ነው። ቤት፣ ዐይን፣ ደም፣ ነፍስ፣ ሰማይ፣ ስምና ራስ ያለ ብዙ ድካም ይታወቃሉ። ከሱቅ ስንገባ ደግሞ ስኳር፣ ሻይ፣ ኩባያ፣ ሻንጣና ደብተር ቀድመውን ደርሰዋል። ገና በመጀመሪያው ወር ከሌላ አገር የመጡት የክፍል ጓደኞቻችን እኛን «እናንተማ ግማሹን ይዛችሁ መጣችሁ» ይሉን ነበር።

የቀደሙት ሊቃውንትም ይህንን ዝምድና አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1505 ካይሮ ያረፉት ኢማም ሱዩጢ በቁርኣን ውስጥ ካሉ ቃላት ከሐበሻ ቋንቋ ጋር የተገናኙ ናቸው የተባሉትን ዘርዝረው ጽፈዋል። ከእነዚህ አንዱ በሱረቱ-ን-ኑር የምናገኘው «ሚሽካት» ነው፤ መብራት የሚቀመጥበትን የግድግዳ ጎድጓዳ ሥፍራ ያመለክታል። እኛ ቤት ዛሬ «መስኮት» የምንለውን ቃል ልብ ይሏል።

አስቸጋሪው ሌላ ነው። ጠ ስንል ድምፃችን እንደ ክብሪት ይፈነዳል፤ የዐረቡ «ጧእ» ግን ሳይፈነዳ ይከብዳል። ጸም እንዲሁ። ይህን ለማስተካከል ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው አፍ ከፍቶ መለማመድ ነበረ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ፊት

ፉስሓና ዓሚያ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች የሚመስሉት ለጀማሪ ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ ድልድዩ ይታያል። የካይሮ ሰው «ቀ»ን ወደ «አ» ይለውጣል፦ «ቀልብ» የነበረው «አልብ»፣ «ቀመር» የነበረው «አመር»፣ ቡና «ቀህዋ» መሆኑ ቀርቶ «አህዋ» ይባላል። ሆኖም «አል-ቁርኣን» ሲል ቀውን አይነካውም፤ የከተማውን ስም «አል-ቃሂራ» ሲልም እንዲሁ። ክብር ያለው ቃል እንደ ክብሩ ይጠራል።

«ጀ»ን ደግሞ «ገ» ይለዋል። ኪታቡ «ጀመል» ያለውን እንስሳ ካይሮ «ገመል» ይለዋል። ወሎዬው ወንድማችን ይህንን ሲሰማ «ታዲያ እኛስ ግመል አይደል የምንለው!» ብሎ ሳቀ። የቋንቋ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በሴም ቋንቋዎች የጥንቱ ድምፅ «ገ» ነበር። እንግዲህ «ተበላሸ» የተባለው አነጋገር እዚህ ላይ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር አብሮ ቆሞ ተገኘ።

ማፍረሻውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የካይሮ ሰው «ዐረፍት»፣ ማለትም «አወቅሁ»፣ የሚለውን ለማፍረስ ከፊቱ «ማ»፣ ከኋላው «ሽ» ጨምሮ «ማ-ዐረፍት-ሽ» ይላል። አማርኛም «አል-አወቅሁ-ም» ብሎ ግሱን ከፊትና ከኋላ ያቅፈዋል። ከእንግሊዝ አገር የመጣው ጓደኛችን በዚህ ሲቸገር እኛ በአንድ ቀን አለፍነው። በፉስሓ ግን ለአሁን «ላ»፣ ላለፈ «ለም»፣ ለሚመጣ «ለን» እየለዩ መጠቀም አለ፤ በዚህ ጊዜ መሪያችን ኪታብ የቀሩት ወንድሞች ሆኑ።

የማይመሳሰሉም አሉ። «እፈልጋለሁ» በኪታቡ «ኡሪዱ»፣ በካይሮ «ዓዊዝ»፣ በቤይሩት «ቢድዲ» ነው። «አሁን» በኪታቡ «አል-አን»፣ በካይሮ «ዲልወእቲ»፣ በቤይሩት «ሀለእ» ይባላል። ዳቦ በኪታቡም በቤይሩትም «ኹብዝ» ነው፤ የካይሮ ሰው ግን «ዔሽ» ይለዋል፤ ቃሉ ከ«መኖር» የወጣ ነው። ዳቦን «ኑሮ» ብሎ የጠራ ሕዝብ ቋንቋውን አበላሸ ማለት ይከብዳል።

ከክፍል ወደ ጎዳና

ኡስታዛዋ በየሳምንቱ የጎዳና ሥራ ትሰጠን ነበር፤ ዋጋ መጠየቅ፣ መንገድ መጠየቅ፣ ከሰው ጋር ሻይ መጠጣት። እ.ኤ.አ. በ1987 በተከፈተው የምድር ባቡር ለሴቶች የተለዩ ፉርጎዎች ስላሉ እህታችን ብዙውን የተማረችው እዚያ ከእናቶች ጋር እየተጫወተች ነው። አሮጊት ሴት «ያ ሐጋ» ተብላ እንደምትጠራ፣ ምርቃት ሲሰጧት «ረቢና የኸሊኪ» ብሎ መመለስ እንደሚገባ ያስተማረችን እሷ ናት። የኪታቡ «ሐጃ» በካይሮ ጉሮሮ «ሐጋ» መሆኑ ነው።

ትልቁ ወንድማችን አንድ ቀን በሚኒባስ ውስጥ መውረጃው ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቂፍ ሁና ሚን ፈድሊክ፣ ያ አኺ» አለ። መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሌላው የሚለው «ዐለ ገንብ ያ ኡስጣ» ነበርና። አንድ ሽማግሌ «ማሻአላህ! የሰሓቦችን ዘመን ፊልም የምሰማ መሰለኝ» አሉ፤ ሾፌሩም ሒሳብ አልቀበልም ብሎ መረቀው። ፉስሓ ለግብጻዊ የኹጥባ፣ የዜናና የታሪክ ፊልም ቋንቋ ነው፤ ከመንገደኛ አፍ ሲሰማው ይደነቃል እንጂ አይንቅም። ቢሆንም በየቀኑ እየተደነቁ መኖር አይቻልምና ወንድማችን በሳምንቱ «ዐለ ገንብ»ን ለመደ።

ባለታክሲዎች ከየት እንደሆንን ጠይቀው «ሚን ኢል-ሐበሻ» ስንላቸው ወሬው ወደ ዓባይና እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ይዞራል። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ከአጁሩሚያ አይገኝም። ሰው የሚለሳለሰው በራሱ ቋንቋ ሲነግሩት ነው። የሐረሩ ወጣት «ኢሕና ኢኽዋት፣ ወን-ኒል ዋሕድ» ይል ነበር፤ «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ዓባይም አንድ ነው» ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ክርክር ሳይሆን ጨዋታ ነበር።

ሊቃውንቱ ምን ይላሉ?

ይህ የሁለት ዐረብኛ ነገር የተማሪ ወሬ ብቻ አይደለም። ቻርለስ ፈርጉሰን የተባሉ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ታዋቂ ጽሑፍ አንድ ሕዝብ ለከበረ ጉዳይ አንድ ዓይነት፣ ለዕለት ኑሮ ሌላ ዓይነት አነጋገር የሚይዝበትን ሁኔታ ሲያብራሩ ዐረብኛን ከግሪክ፣ ከስዊስ ጀርመንኛና ከሄይቲ ቋንቋ ጋር በምሳሌነት አቅርበዋል። እኚህ ሊቅ በኢትዮጵያ ቋንቋዎችም ላይ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመውን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ካዘጋጁት አንዱ ናቸው።

ግብጻዊው ዶክተር አስ-ሰዒድ ባደዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩ ሁለት ብቻ አይደለም አሉ። በግብጽ አምስት ደረጃ እንዳለ ዘረዘሩ፦ የጥንቱ ቅርስ ፉስሓ፣ የዘመኑ ፉስሓ፣ የምሁራን ዓሚያ፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ ሰዎች ዓሚያ፣ ያልተማሩ ሰዎች ዓሚያ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህንን በዓይናችን አይተናል። ኡስታዛችን ትምህርቱን በፉስሓ ታነባለች፣ ማብራሪያውን በመካከለኛው ትሰጣለች፣ ስልኳ ሲጠራ ከልጇ ጋር በዓሚያ ትነጋገራለች። አንድ ደረጃ ብቻ የተማረ ሰው ከደረጃው በላይም በታችም ያለው ያመልጠዋል።

የማስተማሪያ መጻሕፍትም ወደዚሁ እየመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የታተመውና በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት «አል-ኪታብ» የተባለው መማሪያ በኋላ በወጡ እትሞቹ የፉስሓውን ቃል ከግብጹና ከሻሙ አነጋገር ጋር ጎን ለጎን ያስተምራል።

ሕክምና ቤቱና ወረቀቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአምስተኛው ወር ከወሎ የመጣው ታናሹ ወንድማችን በሌሊት ሆዱን ታመመና ወደ አንድ ሕክምና ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ «ኤህ ኢልሊ ቢዩግዐክ?» አለው። በሽተኛው ዓይኑን ብቻ አንከራተተ። እህታችን ከኋላ ሆና «ወጀዕ ነው የሚልህ!» አለችው፤ ቤይሩት ላይ ልጆች ሲያማቸው የምትሰማው ቃል ነበር። ወንድማችንም ወዲያው «ወጀዐ! ሕመም!» ብሎ የሚያመውን ቦታ አሳየ። ቃሉን ከኪታብ ያውቀዋል፤ «ጀ» ወደ «ገ» ዞራ፣ ከፊት «ቢ» ተጨምራበት ስለተሸሸገች ነው ያልለያት። በዚያ ሌሊት የእሷ ጆሮ ለእሱ በጀው።

በስምንተኛው ወር ደግሞ ተራው የእሷ ሆነ። እህታችን ከቤይሩት ስትመለስ ከሻንጣዋ ሥር ያስቀመጠችው አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበራት። ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት አሠሪዎቿ «የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው» ብለው ያስፈረሟት ነው። ያልተከፈላት የስድስት ወር ደመወዝ ነበራት፤ «እንልክልሻለን» ተብላ መጣች፤ አልተላከም። ወረቀቱን ማንም አንብቦላት አያውቅም ነበር፤ ለማሳየትም አልፈለገችም። ፊደል መለየት ስትጀምር ግን አንድ ቀን ወደ ክፍል ይዛው መጣችና «ራሴ ነኝ የማነበው» አለች።

ጣቷን እያስከተለች አነበበች። የመጀመሪያው ቃል «ኢስተለምቱ» ይላል። ድምፁን አውጥታ ስትጠራው ጆሮዋ ለየው፤ ቤይሩት ውስጥ እመቤቲቱ ዕቃ ሲመጣላት በስልክ «ስተለምት» ትል ነበርና። «ተቀበልኩ ማለት ነው» አለች። ሁለተኛው ቃል «ራቲቢ» ይላል። እዚህ ላይ ቆመች፤ በቤይሩት ደመወዝ የሚባለው «መዓሽ» ነበር። ትልቁ ወንድማችን ከአምስቱ ሶላት ጋር ተወስነው የሚሰገዱትን «ሱነን ረዋቲብ» አስታውሶ «ራቲብ ማለት የተወሰነ፣ ቋሚ ማለት ነው፤ ቋሚ ክፍያ መሆን አለበት» አላት። ሦስተኛው «ካሚለን» ነበር፤ «ሙሉ በሙሉ»። ክፍሉ ጸጥ አለ። ወረቀቱ «ደመወዜን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» ይላል። ከታች የእሷ ፊርማ አለ።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችና «አራት ዓመት ሙሉ ዐረብኛ አውቃለሁ ስል ነበር» አለች። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ባሏ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ አብሯት ፊደል መጻፍ ጀመረ።

ያ ዓረፍተ ነገር የተነበበው በሁለት ሰው እውቀት ነው። ከሦስቱ ቃላት አንዱን የለየው የገበያው ዐረብኛ፣ ሌላውን የለየው የኪታቡ ዐረብኛ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ንግግሩ ከጅዳ ቤይሩት፣ ከቤይሩት ኩዌት ይለያያል፤ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የፍርድ ቤት ወረቀትና የሐኪም ማዘዣ መመሪያ ግን በሁሉም የሚጻፈው በፉስሓ ነው። ፉስሓን የሚያነብ ሰው በአንድ አገር አይወሰንም። ዓሚያን የሚሰማ ሰው ደግሞ ፉስሓውን በግማሽ ጊዜ ይይዘዋል።

ለቤተሰብ የምንመክረው

አንደኛ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችውን እህት ወይም እናት «ያንቺ ዐረብኛ አይደለም» አትበሏት። ጆሮዋ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ቃል ተቀምጧል፤ የሚጎድላት ሃያ ስምንት ፊደል ነው። ፊደሉን የሚያስተምራት ከቤት አይጠፋም፤ ቁርኣን ቤት የሚሄደው የሰባት ዓመት ልጇ ይበቃል። ልጅ እናቱን ሲያስተምር ለሁለቱም ጥቅም ነው።

ሁለተኛ፣ ኪታብ የቀራው አባት ወይም ወንድም እሷን በሳምንት አንድ ምሽት «ይህንን እናንተ እንዴት ትሉት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ትልቅ ሰው ከታናሹ መማሩ ክብሩን አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የተሰናዳች ልጅ ያለበት ቤተሰብ ቢያንስ የሚከተሉትን ቃላት በጽሑፍ እንድትለያቸው ያድርግ፦ ዐቅድ (ውል)፣ ራቲብ (ደመወዝ)፣ ኢስተለምቱ (ተቀብያለሁ)፣ ተውቂዕ (ፊርማ)፣ ሙድዳ (የጊዜ ርዝመት)፣ ታሪኽ (ቀን)፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ጀዋዝ (ፓስፖርት)። እህታችን ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ለጎረቤት ልጆች የምታስተምረው እነዚህን ነው። በመጀመሪያ የምትነግራቸውም «ያላነበባችሁትን አትፈርሙ» የሚለውን ነው።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዐረብኛን ከመሠረቱ ለመማር ዕድል ያገኙ ወጣቶች ፉስሓውን ይጨርሱና ዓሚያው በኋላ ይደረስበታል አይበሉ። ወደ ኋላ የተገፋ ጆሮ ዘግይቶ ይከፈታል። ዓሚያውን ብቻ ለምደው በዚያ የሚረኩም ያው ወረቀቱ ሲቀርብላቸው ይቸገራሉ። ጎን ለጎን መሄዱ የሚያምታታው ለጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

ውድ አንባቢያን፣ ዐረብኛ በቤታችን ውስጥ አለ፤ ከፊሉ በመደርደሪያው ላይ፣ ከፊሉ በማድ ቤቱ ውስጥ። ሁለቱን በአንድ መአድ ዙሪያ ማገናኘት የእኛ ፋንታ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) እውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን፤ በስደት ያሉትንም እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።